መስመሩን የረገጠችው ቪትዝ፦ የደረቀ የመንገድ ቀለም ከመኪና ላይ እንዴት ይለቃል?

የቀረበልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ከለገሐር ወደ ሜክሲኮ ስሄድ ገና ያልደረቀ ነጭ መስመር ሳላውቅ ረግጬ አለፍኩ። በማግስቱ ሳየው በቀኝ በኩል ያለው የፊትና የኋላ ፓራፋንጎ፣ የበሮቹ የታችኛው ጠርዝና ጥቁሩ የፕላስቲክ ጭቃ መከላከያ በነጭ ጠብታ ተሸፍኗል። ላቫጆ ወስጄ ሁለት ጊዜ በዱቄት ሳሙና ታጠበ፤ ምንም አልተነቃነቀም። ጎረቤቴ ቤንዚን ይላል፣ የሥራ ባልደረባዬ ቲነር ይላል፣ የሰፈራችን ቀለም ቀቢ ደግሞ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ በኮምፓውንድ፣ በማወልወያው ቅባት፣ ላበራልሽ ይለኛል። መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ2003 ሥሪት ብርማ ቪትዝ ናት፤ የገዛኋት ሁለተኛ እጅ ነው። የቱን ልስማ?»

እህቴ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ለጊዜው ያርቁልኝ። ቲነሩም ቤንዚኑም ይቆዩ። ከሶማሌ ተራ ብዙም በማይርቅ ጋራዥ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት መኪና ቀብቻለሁ፤ በመንገድ ቀለም ምክንያት ደግሜ የቀባኋቸው መኪናዎች አብዛኞቹ የተጎዱት በጠብታው ሳይሆን ጠብታውን ለማስለቀቅ በተደረገው ትግል ነው። የደረቀው ጠብታ ከእንግዲህ መኪናዎን አይበላም። ሦስት ሳምንት ቆይቷል፤ ሦስት አራት ሌሊት ቢጨመርበት የሚጎድልብዎት ነገር የለም።

ምክንያቱን ልንገርዎ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ማንም ሳይነግረው እጁን ይሰበስባልና። የመንገድ መስመር ለግድግዳ ከሚቀባው ቀለም ይለያል። ቀለሙ እርጥብ ሳለ ደቃቅ የብርጭቆ ዶቃ ይነሰነስበታል። ማታ የመኪና መብራት ሲያርፍበት መስመሩ የሚያበራው በዚያ ዶቃ ነው፤ እያንዳንዷ ፍሬ ብርሃኑን ተቀብላ ወደ መጣበት፣ ማለትም ወደ ነጂው ዓይን ትመልሰዋለች። የዶቃው መጠን እንደ ዓይነቱ ቢለያይም አብዛኛው ከ100 እስከ 850 ማይክሮን ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። አሁን የመኪናዎን ቀለም ያስቡ። ከፋብሪካ እንደወጣ ባለ መኪና ላይ ከቆርቆሮው በላይ ያለው ሽፋን ሁሉ ተደምሮ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ እኛ ቀቢዎች ክሊር የምንለው፣ ከሁሉ በላይ ያለው ቀለም አልባ አንጸባራቂ ንጣፍ፣ ቢበዛ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር የሳሳ ማለት ነው። እንግዲህ ጠብታውን በደረቅ ጨርቅ ወይም በሻካራ ስፖንጅ የሚፈገፍግ ሰው ከክሊሩ ብዙ እጥፍ የሚወፍር ብርጭቆ ነቅሎ በዚያው ክሊር ላይ እየጎተተ ነው። ብርጭቆ ወረቀቱም ከዚህ አያድንም፤ ዶቃዎቹ ይነቀሉና ከወረቀቱ ሥር ይሽከረከራሉ፤ በ2000 ቁጥር የተጀመረው ሥራ በሻካራ ቁጥር እንደተሠራ ሆኖ ያልቃል።

ስለዚህ ሥራችን መፈግፈግ የሌለበት ሥራ ነው። ጠብታውን እናለሰልሰዋለን፣ እንጠብቀዋለን፣ ከዚያ ከጠርዙ እናነሳዋለን።

የላቫጆ ልጆች ሲያጥቡት በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ እንዳልሞከሩት ያረጋግጡ። ጠዋት ፀሐይ አግድም በምትመታበት ሰዓት ጎንበስ ብለው በጠብታዎቹ ዙሪያ ይመልከቱ፤ ክብ ክብ ጭረት ካለ ያኔ የመጣ ነው። ጥፍርዎ ሲያልፍበት ካልያዘው ጭረቱ ጥልቅ አይደለም፤ በመጨረሻ በፖሊሽ ይወጣል።

አሁን ከጠብታው ይልቅ የእርስዎን መኪና ቀለም እንመርምር፤ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። ሁለተኛ እጅ ገዝቻለሁ ብለዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ዓመት ያለፋት ቪትዝ አንድም ቦታዋ ሳይቀባ እዚህ ደርሳለች ብሎ ማሰብ ይከብደኛል። የፋብሪካ ቀለም በምድጃ ሙቀት የተጋገረ ስለሆነ ለአጭር ጊዜ ብዙ ነገር ይችላል። ጋራዥ ውስጥ የተቀባው ግን ሁለት ዓይነት ነው። ሃርድነር፣ ማለትም ቀለሙን የሚያጠነክር ፈሳሽ፣ ተጨምሮበት የተቀባው ከደረቀ በኋላ ወደ ፈሳሽነት አይመለስም። ያለ ሃርድነር የተቀባው፣ ኒትሮ የምንለውና የእሱ ዓይነት፣ ቲነር በነካው ቁጥር ዓመታት ቢያልፉም ተመልሶ ይሟሟል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ያበራሉ፤ በዓይን መለየት ለእኔም ይከብደኛል።

ይህን የተማርኩት በመጥፎ መንገድ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ደንበኛ ቢጫ መስመር የተረጨባት ዲኤክስ ኮሮላ ይዞ መጣ። እኔም ሳልጠይቅ፣ ሳልሞክር፣ ቲነር በጨርቅ ነክሬ ጀመርኩ። ቢጫው ለቀቀ። ከቢጫው ጋር የበሩም ቀለም ለቀቀ፤ ዳር ዳሩ እንደ ወተት ስልባቦት ተሸበሸበ፤ ከሥሩ ስቱኮው፣ የተጎዳ ቆርቆሮ የሚሞላበት ልጥፍ፣ ታየ። ባለቤቱ ታክሲ ነጂ ነበር፤ ሁለት ቀን ከሥራ አስቀረሁት። በሩን በራሴ ወጪ ቀባሁለት፤ የሁለቱን ቀን ገቢ ግን መመለስ አልቻልኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ጨርቅ ሳልሞክር መኪና ነክቼ አላውቅም።

የጨርቁ ሙከራ ቀላል ነው። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጫፍ ላይ ሁለት ጠብታ ቲነር ያድርጉ፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ቲነር የምፈቅድልዎት ለዚህ ብቻ ነው። የጎማ ጠርዝ የማይነካበት፣ ከውጭ የማይታይ ቦታ ይምረጡ፤ የበሩ የውስጥ የታችኛው ጠርዝ ጥሩ ነው። ጨርቁን አምስት ሰከንድ ያህል አሳርፈው ያንሱ። ጨርቁ ንጹሕ ከሆነና ቦታው ካልተለጠፈ ሽፋኑ ጠንካራ ነው። ብርማ ወይም ግራጫ ቀለም ጨርቁ ላይ ከታየ፣ ወይም ቦታው በጣት ሲነኩት ከተጣበቀ፣ ያ ክፍል ያለ ሃርድነር የተቀባ ነውና ከቫዝሊን የበረታ ነገር አይቅረበው። ሙከራውን በአንድ ቦታ ብቻ አድርገው ለመላው መኪና አይፍረዱ። ፓራፋንጎው ተቀብቶ በሩ የፋብሪካ ሊሆን ይችላልና ጠብታ ያለበትን እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ይሞክሩ። በተጨማሪም ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ያስጠጉ፤ አንዱ ቦታ ላይ አጥብቆ ይዞ ሌላው ላይ ከላላ ከሥሩ ስቱኮ አለ፤ ስቱኮ ያለበት ደግሞ የተቀባ ነው።

የተረጨብዎት ቀለም ዓይነትም ይለያያል። አንዱ በውሃ የሚቀጠን አክሪሊክ ነው። ሁለተኛው በቲነር የሚቀጠን ነው፤ እሱም ውስጡ ሁለት ወገን አለው፦ ቲነሩ ተንኖ ሲያልቅ ብቻ የሚደርቅ አለ፣ አልኪድ የሚባለው ደግሞ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ከቀን ወደ ቀን የሚጠነክር ነው። ሦስተኛው ቴርሞፕላስቲክ ነው፤ በዱቄት መጥቶ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀልጦ የሚፈስስ። ሠራተኞች ጋዝ የሚነድበት ጋሪ እየገፉ ወፈር ያለ መስመር ሲያወርዱ አይተው ከሆነ እሱ ነው። ቴርሞፕላስቲክ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል፤ ሲለጠፍም ጎማው ላይና በጎማው ዙሪያ በወፍራም ቁራጭ መልክ እንጂ በደቃቅ ጠብታ አይደለም። የእርስዎ ጠብታ ስለሆነ ከሁለቱ ፈሳሾች አንዱ ነው።

የቱ እንደሆነ ለማወቅ በጭቃ መከላከያው ላይ አንዲት ጠብታ ይምረጡ። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛውን 70 በመቶ አልኮል ጥጥ ላይ አድርገው ሁለት ደቂቃ ያሳርፉባት። ከለሰለሰችና ማስቲካ ከመሰለች በውሃ የሚቀጠነው አክሪሊክ ነው። ካልሆነ ሌላ ጠብታ ላይ በነጭ ጋዝ የራሰ ጥጥ አሥር ደቂቃ ያሳርፉ፤ ጠርዟ ከላላ በቲነር የሚቀጠነው ነው። ሁለቱም ካልነኳት አልኪዱ ጠንክሮ ቆይቷል ማለት ነውና ትዕግሥቱ ይረዝማል፤ መንገዱ ግን ያው ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ከቤት አይርቅም፦ አንድ ትልቅ ቫዝሊን፣ ለምግብ መጠቅለያ የሚሆን ስስ ላስቲክ፣ ብዙ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ፣ ጓንት።

ማታ መኪናዋን በደንብ ያሳጥቡ። ላቫጆ ላይ የውሃው ግፊት ጠቃሚ ነው፤ አፉ ግን ከአንድ ክንድ እንዳይቀርብ፣ ቀለሙ የተላጠ ጠርዝ ካለም በቀጥታ እንዳይመታው ይንገሯቸው። ከደረቀች በኋላ ቫዝሊኑን በየጠብታው ላይ ይለጥፉ። ሳስቶ ከተቀባ ዋጋ የለውም፤ ራስ ላይ ቅቤ እንደሚደረገው ወፈር ይበል። ላስቲኩን ከላይ ይጫኑበትና ያሳድሩት።

ቫዝሊን ቀለሙን አያሟሟም። ሥራው በጠብታው ጠርዝ ሾልኮ መግባትና ከክሊሩ ጋር ያለውን መያዣ ማላላት ነው። እዚህ ላይ መኪናዋ ያኔ አቧራ ወይም ሰም ኖሮባት ከሆነ ጠቅሞዎታል፤ ጠብታው ያረፈው በአቧራውና በሰሙ ላይ እንጂ በቀጥታ በክሊሩ ላይ አይደለምና ከሥሩ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። አዲስ የታጠበችና ሰም የሌላት መኪና ላይ የወደቀ ጠብታ ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ነው። ሌላው ሌሊቱን የመረጥኩበት ምክንያት ከተማችን ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነን፤ ቀን ላይ ፀሐይዋ የምትመታው ቆርቆሮ ሲነኩት ያቃጥላል፣ ቫዝሊኑ ቀልጦ ይወርዳል፣ ማንኛውም አሟሚ ሥራውን ሳይጀምር ይተናል።

በማግስቱ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ላይ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ላስቲኩን አንሥተው እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ የራሰ ጨርቅ አምስት ደቂቃ ያሳርፉበት። የፈላ ውሃ አያምጡ። ከዚያ የባንክ ካርዱን በአንድ ንብርብር የጥጥ ጨርቅ ሸፍነው፣ ከገጹ ጋር ሊተኛ ጥቂት እስኪቀረው አዘንብለው፣ ከጠብታው ጠርዝ ቀስ ብለው ይግፉ። የላላው ቁርጥ ብሎ ይነሳል። ያልተነሳውን አይታገሉት፤ ለማታ ይተዉት። ከጥፍርዎ የሚጠነክር ነገር ቀለሙን እንዳይነካው፤ ቢላዋም፣ ሳንቲምም፣ ቁልፍም። አንድ ጠብታ በተነሣ ቁጥር ቦታውን በብዙ ውሃ ያውርዱት፤ ጨርቁንም ወደ ንጹሕ ገጹ ይገልብጡ። ዶቃ የያዘ ጨርቅ ሁለተኛ ቦታ ላይ ካረፈ ብርጭቆ ወረቀት ሆኗል። ሰው ሁሉ የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ጨርቅ ይዞ ዙሪያውን ይጨርሳል። እባክዎ አሥር ጨርቅ ይጨርሱ።

ይህን ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ይድገሙት። በእኔ እጅ አብዛኛው ጠብታ በዚህ ብቻ ይወርዳል።

ከዚያ የቀረውን፣ ያውም የጨርቁን ሙከራ ባለፈ ክፍል ላይ ብቻ፣ አንድ ደረጃ ከፍ ባለ ነገር እንጠይቀዋለን። በቲነር የሚቀጠን ቀለም ከሆነ ነጭ ጋዝ ወይም በቆርቆሮ የሚሸጠው ደብሊው ዲ 40 ይሆናል። ብዙ ሰው ደብሊው ዲ 40ን ልዩ ምሥጢር ያለው አድርጎ ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ የተሠራው ውሃን ከብረት ላይ ለማባረር ነበር፤ ስሙም በ40ኛው ሙከራ ተሳካ ከመባሉ የመጣ ነው። ውስጡ በአብዛኛው ለነጭ ጋዝ የሚቀርብ የነዳጅ ውጤትና ቀለል ያለ ዘይት ነው፤ ዘይቱ ቶሎ እንዳይተን ይረዳዋል። ጥጥ ነክረው ጠብታው ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ያሳርፉ፤ ከዚያ ካርዱ ይመለስ። በውሃ የሚቀጠን አክሪሊክ ከሆነ ደግሞ አልኮሉ ይሻላል፤ እሱ ግን ከሁለት ደቂቃ በላይ አይቆይ፤ ወዲያው በውሃ ይውረድ። የትኛውንም ሲጨርሱ ቦታውን በፈሳሽ ሳሙና ይጠቡ፤ የዘይት ቅሪት አቧራ ይሰበስባል።

ባልደረባዎ ያሉት ቲነር ጠብታውን ያስለቅቃል፤ ዋሽተዋል አልልም። ቲነር ግን ቶሉይንና አሴቶን የመሳሰሉ ብርቱ አሟሚዎች ድብልቅ ነውና የመንገዱን ቀለም ከእርስዎ ቀለም ለይቶ አያውቅም። ጠንካራ የሆነው ክሊር እንኳን ሲቆይበት ያብጣል፣ ይደበዝዛል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም በአብዛኛው ያው አሴቶን ነው፤ «ትንሽ ነው፣ የሴቶች ዕቃ ነው» ብለው እንዳይንቁት።

ቤንዚኑን በተመለከተ ግን እለምንዎታለሁ። ነጭ ጋዝ እሳት ሊይዝ የሚችል ትነት የሚሰጠው ከ38 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢም ይሰጣል። በየትኛውም የአዲስ አበባ ጠዋት ክዳኑ የተከፈተ ቤንዚን እሳት እየጠበቀ ነው ማለት ነው። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ከግቢው ማዶ ቡና የሚፈላበት ከሰል ዘንድ ይደርሳል። በጋራ ግቢ ውስጥ፣ ልጆች በሚሯሯጡበት፣ ቤንዚን በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ መኪና ማጠብ ለአንድ ጠብታ የሚከፈል ዋጋ አይደለም። ነጭ ጋዙንም ቢሆን በር በሌለው ክፍት ቦታ፣ ከእሳት ርቀው፣ በጓንት ይጠቀሙ። የራሰውን ጨርቅ ጨብጠው ጥግ ላይ አይጣሉት፤ ዘርግተው ያድርቁት።

ጥቁሩ ጭቃ መከላከያና የፓራውልቱ ያልተቀባ የታችኛው ክፍል ሌላ ጉዳይ ነው። ገጹ ሻካራ ስለሆነ ቀለሙ በየቀዳዳው ገብቷል፤ ካርድ አይሠራበትም። ቫዝሊኑን ደጋግመው ያሳድሩና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በሳሙና ውሃ ነክረው በትንንሽ ዙር ይሂዱበት። ቲነርና አሴቶን እዚህ ፈጽሞ አይድረሱ፤ ፕላስቲኩን ያነጡታል፣ አንዳንዱንም ያቀልጡታል፤ ያ አይመለስም። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ካልለቀቀ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ ጭቃ መከላከያ የሚተካ ዕቃ ነው፤ ለቪትዝ ደግሞ ሶማሌ ተራ አይጠፋም። ጉልበትዎን ለበሩ ያስቀምጡ።

የፊት መብራቱ ላይ ከደረሰ ቫዝሊንና የሳሙና ውሃ ብቻ። ብርጭቆ ይመስላል እንጂ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ከላዩ ያለው ስስ መከላከያ ከተነካ በጥቂት ወራት ቢጫ ይሆናል። እውነተኛው መስታወት ላይ ግን ሥራው ቀላል ነው፤ በሳሙና ውሃ አርሰው አዲስ ምላጭ አስተኝተው ይግፉ፤ ይነሳል። ቸርኬው ላይ ያለውን እንደ በሩ ያስተናግዱ።

የሰፈራችሁን ቀለም ቀቢ አላጣጥለውም፤ የተሳሳተው ቅደም ተከተሉን ነው። ጠብታው ሁሉ ከተነሣ በኋላ እጅዎን በስስ ላስቲክ ውስጥ አድርገው ገጹን ይዳብሱ። እንደ አሸዋ የሚል ከሆነ ለመኪና የተሠራውን፣ እንደ ሊጥ የሚለሰልሰውን ማጽጃ ሸክላ በሳሙና ውሃ እያንሸራተቱ ይጨርሱት። ሸክላው መሬት ከወደቀ ይጣል፤ ያነሣውን ጠጠር ማውጣት አይቻልም። ከዚያ ወዲያ የጠብታው ቅርጽ እንደ ጥላ ቀርቶ ከታየ የኮምፓውንድ ተራ ነው፤ ያኔ ቀቢዎን ይጥሩት። ሲመጣ ሁለት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ፣ የቀለም ውፍረት መለኪያ አለህ ወይ? ኮምፓውንድ በእያንዳንዱ ዙር ከክሊሩ ይቀንሳል፤ የቀረው ምን ያህል እንደሆነ ሳይለካ የሚያሽ ሰው በጭፍን ነው የሚሠራው። ሁለተኛ፣ ከደቃቁ ትጀምራለህ ወይስ ከሻካራው? «ከደቃቁ» ካለዎት ሥራውን ያውቃል። የበሩ እጥፋትና የፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ ማሽን እንዳያሳርፍ ይንገሩት፤ ክሊር ሲቀባ ከጠርዝ ላይ ይሸሻል፤ መጀመሪያ የሚበሳውም እዚያ ነው። ብርማ ቀለም ከተበሳ ደግሞ ያንን ቦታ ብቻ ማስተካከል አይቻልም፤ ብርማው ውስጥ ያለው የብረት ቅንጣት እንደ አረጫጨቱ መልኩን ስለሚለውጥ ክፍሉን በሙሉ መቀባት ግድ ይሆናል። ለዚህ ነው ብርማ መኪና ላይ ከሌላው ይበልጥ የምፈራው። ሁሉም ሲያልቅ ሰም ይቀባ።

አንድ ነገር ለቢጫ መስመር፣ ይህን ለሚያነብ ሌላ ሰውም ይጠቅማልና። በብዙ አገሮች ቢጫው የመንገድ ቀለም ለረጅም ዘመን የሚሠራው እርሳስ ባለበት ቀለም ነበር። ቢጫ ጠብታ በደረቁ አይፈግፈግ፤ ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል፣ ግቢው ውስጥ የሚጫወት ልጅም እጁ ላይ ይዞት ይሄዳል። በእርጥብ ይነሣ፣ ቁርጥራጩ ተሰብስቦ ይጣል፣ እጅ ይታጠብ።

ወደፊት ደግሞ፣ ማታ ማታ መስመር በሚቀባበት ወቅት ኮን ተደርድሮ ሲያዩ ጎማዎን ከመስመሩ ያርቁ። ከረገጡም ፍጥነት አይጨምሩ፤ ጎማው ቀለሙን ወደ ላይ የሚወረውረው በፍጥነቱ ልክ ነው። በዚያው ሌሊት ውሃ ያግኙ። በውሃ የሚቀጠነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ በግፊት ውሃ ብቻ ሊወርድ ይችላል፤ ውሃ ወዲያው ካልተገኘ እርጥብ ጨርቅ ያልብሱት፤ እንዳይደርቅ ማድረግ ራሱ ግማሽ ሥራ ነው። በቲነር የሚቀጠነውም ቢሆን በዚያው ሌሊት ቫዝሊን ካገኘው ጠዋት ይነሳል።

አሁን ግን የእርስዎ ሥራ ከጎማው በላይ ባለው ጉድጓድ ይጀምር። እዚያ የተከማቸው ቀለም እየተላቀቀ ያጸዱትን በር መልሶ ይመታዋልና መጀመሪያ እሱ በብሩሽና በግፊት ውሃ ይውረድ። ጎማው ላይ የተለጠፈውን ይተዉት፤ በመንገድ ላይ ራሱ ያልቃል፤ ለጎማ ነጭ ጋዝም ቤንዚንም ጠላቱ ነው። ደብሊው ዲ 40ውን ጉድጓዱ ውስጥ በቀጥታ አይርጩት፤ ጨርቅ ላይ ይርጩና ጨርቁን ይጠቀሙ። ከቸርኬው በስተጀርባ የፍሬኑ ዲስክና ሸራ አለ፤ ዘይት የነካው ሸራ አይይዝም። ቫዝሊንም ቢሆን በውሃ ሲወርድ ወደዚያ ሊሄድ ስለሚችል፣ ሲታጠብ ቸርኬውን በላስቲክ ይሸፍኑት። ሥራውን ጨርሰው መኪናዋን ከግቢ ሲያወጡ ወደ ዋናው መንገድ ከመግባትዎ በፊት፣ ሰው በሌለበት ሜዳ፣ በእርምጃ ፍጥነት ፍሬኑን ሦስት አራት ጊዜ ይሞክሩ። ወደ አንድ ጎን ከሳበዎት ወይም ፔዳሉ እንደወትሮው ካልያዘ እዚያው ያቁሟትና ፍሬን ሠሪ ወዳሉበት ይምጣ።